ከማን ጋር ምሳ በላህ?



ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት እንግዳ ሲመጣ አንዲት የማትቀር ጥያቄ አለች፤ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» የምትል። መልሱም ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው። «ዶክተር» ያላለ ልጅ «ፓይለት» ይላል። እናት ፈገግ ትላለች፣ አያት «እሰይ የኔ ልጅ፣ እኔንም ይዘኸኝ ትበራለህ» ይላሉ፤ ከዚያ ቡናው ይቀዳና ጨዋታው ወደ ሌላ ይዞራል።

እኛ ወላጆች የልጆቻችንን ሥራ ስናስብ ቶሎ የሚታየን መሰላል ነው። የአየር ኃይል መኮንንነትን ብንወስድ መሰላሉ ትከሻ ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ ምክትል መቶ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ሌተና ኮሎኔል፣ ኮሎኔል፤ ከዚያ ብርጋዴር ጄኔራል፣ ሜጀር ጄኔራል፣ ሌተና ጄኔራል፤ ጫፉ ላይ ሙሉ ጄኔራል። ከታች ሆኖ ለሚያየው ሰው ቀጥ ያለ ነው። የወጡበትን ሰዎች ሕይወት ስናይ ግን አንዳንዱ እርከን የተነቀለ፣ አንዳንዱም ሆን ተብሎ የተሰበረ ሆኖ እናገኘዋለን።

ዛሬ የምንከተለው የአንድ ሰው መሰላል ነው፤ የአሜሪካ አየር ኃይል የመጀመሪያው ጥቁር ጄኔራል የሆነው የቤንጃሚን ኦሊቨር ዴቪስ። ከማዕረጉ ይልቅ ለእኛ ለወላጆች የሚጠቅመን ከቤት ይዞት የወጣው ነገር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በረንዳው ላይ የበራው መብራት

ቤንጃሚን በ1912 ዋሽንግተን ዲሲ ተወለደ። እናቱ በወሊድ ሳቢያ ሲያርፉ ገና 4 ዓመት አልሞላውም ነበር። አባቱ ስማቸውም ስሙ ነው፤ እሳቸውም ቤንጃሚን ኦሊቨር ዴቪስ ይባላሉ። ከተራ ወታደርነት ተነስተው መኮንን የሆኑ ሰው ናቸው። የዘመኑ የአሜሪካ ጦር ግን ጥቁር መኮንን ነጭ ወታደር እንዲያዝ አይፈልግም ነበር። ስለዚህ አንዴ ኮሌጅ ውስጥ የወታደራዊ ትምህርት አስተማሪ፣ አንዴ ላይቤሪያ ወታደራዊ አታሼ እያደረጉ ከአዛዥነት ያርቋቸው ነበር። የጦሩ የመጀመሪያው ጥቁር ጄኔራል ሆነው የተሾሙት በ1940፣ ለጡረታ በተቃረቡበት ዕድሜ ነው።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቤተሰቡ የሚኖረው አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በምትባል ከተማ ነበር። በዚያን ጊዜ ለጥቁር የጦር ጉዳተኞች በከተማዋ ሆስፒታል ይሠራና ሠራተኞቹ ጥቁሮች ይሁኑ የሚል ሐሳብ ይነሳል። ይህን የተቃወሙት ኩ ክሉክስ ክላን የሚባሉት ነጭ አክራሪዎች ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ችቦ ይዘው በጥቁሮች መንደር በሌሊት ሊሰለፉ ተነሱ። ነዋሪው በሩን ዘግቶ፣ መብራቱን አጥፍቶ እንዲቀመጥ ተመከረ።

አባት ዴቪስ ያደረጉት ሌላ ነው። ነጩን የክብር የደንብ ልብሳቸውን ለበሱ። የበረንዳውን መብራት አበሩ። ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሰልፈኞቹ በፊታቸው አለፉ። በመንደሩ ውስጥ ብርሃን የነበረው እዚያ በረንዳ ላይ ብቻ ነበር። ልጁ ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 10 ዓመት ነው። ሲያረጅ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ላይ ሳይቀር ያስታውሰዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። አባትየው ያን ሌሊት ለልጃቸው ንግግር አላደረጉም፤ ከሰልፈኞቹም ጋር አልተጣሉም። ልጅ ግን አባቱ ሊያዋርዱት በመጡ ሰዎች ፊት እንዴት እንደሚቀመጥ አየ። ልጆቻችን ከምንነግራቸው ይልቅ የሚይዙት ይህንን ነው። አለቃ ሲጮህብን፣ የቀበሌ ሠራተኛ ሲያመናጭቀን፣ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሲሰድበን፣ ከጎናችን እጃችንን የያዘው ሕፃን ፊታችንን እያየ ነው።

ሁለተኛው ስጦታ የመጣው በ1926 ክረምት ነው። ልጁ 13 ዓመቱ ነበር። አባቱ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለ የአውሮፕላን ሜዳ ወስደው፣ ገንዘብ ከፍለው፣ በአየር ላይ ትርዒት ከሚያሳዩ አብራሪዎች ከአንዱ ጋር አሳፈሩት። በዚያ ዘመን ጥቁር አሜሪካዊ ወታደራዊ አብራሪ የሚሆንበት መንገድ አልነበረም። አባትየው ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሆኖም «ይህ ለእኛ አይደለም» አላሉትም። ልጁ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ የሚፈልገውን ያወቀ ልጅ ሆኖ ወረደ።

አራት ዓመት ያለ አነጋጋሪ

ወደ ሰማይ የሚያስገባው በር የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ነበር። ወደዚያ ለመግባት የምክር ቤት አባል ድጋፍ ያስፈልጋል፤ በወቅቱ በአሜሪካ ምክር ቤት የነበሩት ብቸኛው ጥቁር፣ የቺካጎው ተወካይ ኦስካር ደ ፕሪስት ድጋፋቸውን ሰጡት። ቤንጃሚን ግን የመግቢያ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ ወደቀ። ጎበዝ ተማሪ የነበረ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ነው የወደቀው። ዓመቱን ሙሉ አጥንቶ በድጋሚ ተፈተነና በ1932 ገባ። የማትሪክ ውጤት መጥቶ ቤቱ ለቅሶ ቤት የመሰለባችሁ ወላጆች ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ዌስት ፖይንት ከገባ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌሎቹ ዕጩ መኮንኖች ተሰብስበው አንድ ውሳኔ ወሰኑ፤ ከዚህ ልጅ ጋር ማንም አይነጋገር። ለሥራ ጉዳይ ካልሆነ በቀር አንድ ቃል የሚያወጣ አልነበረም። አብሮት የሚያድር ጓደኛ የለውም፤ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ገበታ ላይ ሲቀመጥ የሚያዋራው የለም። አካዳሚውን ለቅቆ እንዲሄድ ነው የፈለጉት። ነገሩ ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ወር አልነበረም፤ አራት ዓመት ሙሉ ቆየ።

ዝምታ ወርቅ ነው እንላለን። ይህ ግን ወርቅ አይደለም፤ ያለ ዱላ የሚደበድብ ዝምታ ነው። «ከሰው ጋር ሞት ሰርግ ነው» ለምንል ለእኛ፣ ለቅሶውንም ደስታውንም ያለ ጎረቤት ለማናውቀው፣ አንድ ወጣት ከ19 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ቁርስ ምሳ እራቱን በሰው መሐል ብቻውን ሲበላ ማሰብ ይከብዳል።

ቤንጃሚን አልሄደም። በ1936 ከ276 ተመራቂዎች 35ኛ ሆኖ ጨረሰ። በ20ኛው መቶ ዘመን ከዌስት ፖይንት የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ነው። ይህን ሁሉ የቻለው ግን በብረት ልብ ብቻ አይደለም። ኒው ሄቨን ከምትባል ከተማ እየመጣች የምትጠይቀው አጋታ ስኮት የምትባል ወጣት ነበረች። በሳምንቱ መጨረሻ ሰው ሆኖ የሚያወራው ከእሷ ጋር ነበር። እንደተመረቀ እዚያው በአካዳሚው ቤተ ጸሎት ተጋቡ፤ ከዚያ በኋላ 65 ዓመት አብረው ኖሩ። አንድ ሰው ብዙ ሊችል ይችላል፤ የሚያዋራው አንድ ሰው እንኳ ካለው።

የተዘጋ በርና ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሰው

ቤንጃሚን በ1935፣ የመጨረሻ ዓመቱን ሲጀምር፣ ለጦሩ የአየር ክፍል አመልክቶ ነበር። ጤናው ተመረመረ፤ ለአብራሪነት ብቁ ነው። መልሱ ግን ጥቁሮችን የምናሰማራበት የአየር ክፍል የለንም የሚል ሆነ።

የሚገርመው ያ ዓመት ለእኛም የምናውቀው ዓመት መሆኑ ነው። አሜሪካ ለዚህ ወጣት «ጥቁር አይበርም» ባለችበት ወቅት፣ ከዚያችው ከተስኪጊ ኮሌጅ የተመረቀው ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በኮሎኔል ማዕረግ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ትንሽ አየር ኃይል ይመራ ነበር። ሮቢንሰን በጣሊያን ወረራ ጊዜ በጥቂት ያልታጠቁ አውሮፕላኖች መልእክትና መድኃኒት ሲያመላልስ ቆይቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ኢትዮጵያውያንን በረራ ሲያስተምር ኖረ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሳቢያ ሞቶ አዲስ አበባ ተቀብሯል። በዚያ ዘመን ለአንድ ጥቁር አብራሪ በአገሩ የተዘጋው በር የተከፈተው እኛ ዘንድ ነበር።

ቤንጃሚን ግን አገሩ ቀረ። ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ እግረኛ ጦር ውስጥ ተመደበ። ያን ጊዜ በመላው የአሜሪካ ጦር፣ ካህናቱን ሳንቆጥር፣ ጥቁር መኮንኖች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እሱና አባቱ። በተመደበበት የጦር ሰፈር የመኮንኖች ክበብ አላስገባውም። ከዚያም ተስኪጊ ላይ የወታደራዊ ትምህርት አስተማሪ ተደረገ፤ አባቱን ያንከራተቷቸው ያው ሥራ ነው። ሁለት ትውልድ፣ አንድ ወንበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በቃ፣ የኛ ነገር ይኸው ነው» ይላል። እሱ የተሰጠውን ትምህርት በሥነ ሥርዓት ማስተማሩን ቀጠለ።

ሰማዩ ሲከፈት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጋጋል የአሜሪካ መንግሥት በጥቁሮች ግፊትና በምርጫ ፉክክር ተገፍቶ ጥቁር አብራሪዎችን ለማሠልጠን ወሰነ። ማሠልጠኛው ተስኪጊ ሆነ። በ1941 የመጀመሪያው ኮርስ ሲከፈት 13 ሠልጣኞች ነበሩ፤ ቤንጃሚን አንዱ ነው። በመጋቢት 1942 የበረራ ክንፋቸውን ደረታቸው ላይ የለጠፉት 5 ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት ሌተና ኮሎኔል ሆኖ የ99ኛው ተዋጊ ስኳድሮን አዛዥነትን ያዘ። መሰላሉ ለዓመታት ቀስ እያለ ካወጣው በኋላ በአንድ ጊዜ አሻገረው።

በ1943 ስኳድሮኑ ሰሜን አፍሪካ ዘመተ። ብዙም ሳይቆይ ከበላይ አዛዦች አንድ ሪፖርት ወጣ፤ እነዚህ ጥቁር አብራሪዎች የውጊያ ወኔ ስለሌላቸው ከግንባር ተነስተው ባሕር ዳርቻ ይጠብቁ የሚል። ሪፖርቱ ቢጸድቅ ኖሮ ከኋላ የሚመጡት ወጣቶች ሁሉ ተስፋቸው እዚያ ያበቃ ነበር። ዴቪስ ዋሽንግተን ሄዶ ጉዳዩን በሚመረምረው ኮሚቴ ፊት ቀረበ። አልጮኸም። አብራሪዎቹ በሙሉ ለጦርነት አዲስ እንደነበሩና ልምድ ያለው ሰው እንዳልተመደበላቸው፣ ቁጥራቸው ስለሚያንስም እያንዳንዱ ደጋግሞ ለመብረር እንደተገደደ በማስረጃ አስረዳ። ጦሩ በኋላ ባስጠናው ጥናት ስኳድሮኑ ከሌሎቹ የማያንስ መሆኑ ተረጋገጠ። በ1944 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጣሊያን ውስጥ አንዚዮ በተባለ ቦታ አብራሪዎቹ በሁለት ቀን ውስጥ ከ10 የማያንሱ የጠላት አውሮፕላኖችን ጥለው ክርክሩን ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ያዘዘው አራት ስኳድሮኖች ያሉትን 332ኛውን ምድብ ነው፤ የአውሮፕላኖቻቸው ጭራ ቀይ ስለተቀባ «ቀይ ጭራዎቹ» ይባሉ ነበር። ሥራቸው ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን እስከ ጀርመን ድረስ ማጀብ ነው። ለተዋጊ አብራሪ ክብሩ የጠላት አውሮፕላን አሳድዶ መጣል ነው፤ ዴቪስ ግን አብራሪዎቹን ለስም ብላችሁ ከምታጅቡት አውሮፕላን አትራቁ እያለ በጥብቅ ያዝ ነበር። ለብዙ ዘመን «አንድም ያጀቡት አውሮፕላን አልወደቀም» ይባልላቸው ነበር። የአየር ኃይሉ ታሪክ ጸሐፊዎች ሰነዱን ሲመረምሩ 27 መውደቃቸውን አገኙ፤ እንዲህ ያለ ተግባር የነበራቸው የሌሎቹ ምድቦች አማካይ ግን 46 ነው። እኔ ከተረቱ ይልቅ እውነተኛው ቁጥር ይበልጥብኛል። በእያንዳንዱ ከባድ ቦምብ ጣይ ውስጥ 10 ያህል የሰው ልጆች ይሳፈራሉ፤ አብዛኞቹም ነጮች ነበሩ። ዌስት ፖይንት ላይ ሊያናግሩት ያልፈለጉት ሰዎች ወንድሞች ማለት ናቸው።

በ1948 ፕሬዚዳንት ትሩማን በጦሩ ውስጥ መለያየት እንዲቀር ትእዛዝ ሰጡ። በ1953 ዴቪስ ኮሪያ ውስጥ የጄት ተዋጊ አውሮፕላኖች ክፍል አዛዥ ሆኖ ነጭ አብራሪዎችን መራ። በጥቅምት 1954 ብርጋዴር ጄኔራል ሆነ።

ከዚህ በኋላ እንኳ «አንቱ» ልንላቸው ይገባል። በ1959 ሜጀር ጄኔራል፣ በ1965 ሌተና ጄኔራል ሆኑ። ታይዋን፣ ጀርመን፣ ኮሪያና ፊሊፒንስ አገለገሉ፤ በ1970 ጡረታ ወጡ። ከዚያም በአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የአውሮፕላን ጠለፋን የመከላከሉን ሥራ መሩ። ዛሬ አውሮፕላን ከመሳፈራችን በፊት ሻንጣችን የሚፈተሽበት አሠራር በእነዚያ ዓመታት የተጀመረ ነው። አራተኛው ኮከብ፣ የሙሉ ጄኔራልነት ማዕረግ፣ የተሰጣቸው ጡረታ ከወጡ ከ28 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1998 ነው፤ 86 ዓመት ሊሞላቸው 9 ቀን ሲቀር። በ2002 ወይዘሮ አጋታ በወርኃ መጋቢት አረፉ፤ ጄኔራሉም ከአራት ወር በኋላ ተከተሏቸው።

ሁለት ጥያቄዎች ለቤታችን

ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ብናወራላቸው ደስ ይላል፤ «አየህ፣ ጠንካራ ሰው ያሸንፋል» ብለን እንዘጋዋለን። እኔን ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው።

ሁላችንም ታሪኩን ስናነብ ልጃችንን የምናስቀምጠው በዴቪስ ቦታ ነው። ቁጥሩን ግን እንመልከት። የተመረቁት 276 ናቸው። ከእነዚያ ውስጥ ዴቪስ አንድ ነው፤ 275ቱ ዝም ያሉት ናቸው። እነሱም የሰው ልጆች ነበሩ። ጨዋ ቤት ያደጉ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ እናት አባታቸው በምረቃቸው ቀን የኮሩባቸው። ብዙዎቹ ክፉ ነገር እየሠሩ እንደሆነ አልመሰላቸው ይሆናል፤ ማንንም አልመቱም፣ ማንንም አልሰደቡም፤ ዝም ብቻ አሉ። ልጃችን በሕይወቱ ውስጥ ከዴቪስ ይልቅ ከ275ቱ አንዱ የመሆን ዕድሉ ይበልጣል።

ይህ ደግሞ ሩቅ አገር የቀረ ነገር አይደለም። ልጆቻችንን ዩኒቨርሲቲ ስንልክ ስንቅ እንቋጥራለን፣ ብርድ ልብስ እናሲዛለን፤ ከማን ጋር እንደሚያድር እንጠይቃለን። አንዳንዴ ጥያቄያችን ውስጥ ሌላ ጥያቄ አለ፤ የዚያ ልጅ አገሩ የት ነው፣ ቋንቋው ምንድን ነው፣ የማን ወገን ነው የሚል። ልጁ ይህን ሳንናገረው ይሰማዋል። ተራ ትምህርት ቤት ውስጥም ቢሆን መንተባተብ ያለባት ልጅ፣ ዩኒፎርሙ ያረጀ ልጅ፣ ከሌላ ክልል ተዛውሮ የመጣ ልጅ አለ። በምሳ ሰዓት ሁሉም ምሳ ዕቃውን ሲከፍት እሱ ጥግ ይዞ ይበላል። መምህሩ አያየውም፤ ድብድብ የለማ።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ «ስንተኛ ወጣህ?» ከምትለዋ ጥያቄ አጠገብ ሌላ ትቀመጥ፤ «ዛሬ ከማን ጋር ምሳ በላህ?» የምትል። ልጁ «ብቻዬን» ካለ፣ ነገ ትምህርት ቤት ድረስ የሚያስኬድ ጉዳይ ነው፤ እስኪፈታም ድረስ የልጁ አጋታ መሆን የእኛ ሥራ ነው፤ ሲመጣ ስልካችንን አስቀምጠን የምናዋራው። «ከጓደኞቼ ጋር» ካለ ደግሞ ሁለተኛዋ ጥያቄ ትከተል፤ «ብቻውን የበላ ልጅ ነበረ?» የምትል።

እናንተ አያቶች ደግሞ በዚህ ረገድ ከእኛ ትሻላላችሁ። ልጅ ለወላጁ የማይናገረውን ለአያቱ ይናገራል። ጎረቤት ሳይጠራ ቡና የማይጠጣበትን ዘመን ያያችሁ እናንተ ናችሁ። ለልጅ ልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ከመናገር ይልቅ ደግሞ፣ እንደ አባት ዴቪስ፣ ሲያዩ አድርጉት። ግቢ ውስጥ ማንም ሰላም የማይለውን ተከራይ ልጁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ሰላም በሉት።

በ2017 ዌስት ፖይንት አዲስ የዕጩ መኮንኖች ማደሪያ ሕንፃ መርቋል። ስሙ የዴቪስ ማደሪያ ይባላል። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አብሮት ለማደር ባልፈለገው ሰው ስም በተጠራ ቤት ውስጥ ዛሬ ወጣቶች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ያድራሉ። ከአንዲት ቃል እስከዚያ ሕንፃ ለመድረስ 81 ዓመት ፈጅቷል። ከ275ቱ አንዱ አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን ይዞ አጠገቡ ቢቀመጥ ኖሮ ግን በዚያው ቀን ይጀመር ነበር።

ቸር እንሰንብት።